ጋሼ፣ እስኪ ብረቱን ይንኩት

ምስጋና መጻፍ ብዙም አልለመደብኝም። ብዕር የማነሳው ለማማረር ነው። ዛሬ ግን አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ካንገበገበኝ ጣጣ ገላግላኛለችና ዝም ብል ነውር ነው።

ቪዲዮ አቀናብራለሁ። የድሮው ኮምፒውተሬ ሲደክም ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም ብዬ ተነሳሁ። ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ኮር አይ7-12700 ነው። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኬዙ ሁሉም አዲስ። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ብቻ ከድሮው ላይ ፈታሁት። ትልቅ፣ ከባድ ኩለር ነበር፤ ደህና ዕቃ ለምን ይጣላል? ጉድ የሠራኝ ይኸው ቁጠባዬ ነው።

ገጣጥሜ ጨርሼ ስጫነው ወዲያው በራ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ምንም ሳልከፍትበት ሙቀቱ 50 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ትንሽ በዛ ብዬ አለፍኩት። ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት ስጀምር ግን ዓይኔ እያየ 100 ገባ። ይህ ፕሮሰሰር 100 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አልጠፋም፣ አልተቃጠለም፤ ብቻ አነከሰ። ፋኑ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል፣ ሥራው ግን ከድሮው ብዙም አይሻል።

ያልሞከርኩት የለም። ሙቀት እንዲያሻግር በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ አንዴ አንሶ ይሆናል ብዬ፣ አንዴ በዝቶ ይሆናል ብዬ። ሁለት ተጨማሪ ፋን ገዛሁ። በመጨረሻ ተሸክሜው ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰው ኬዙን እንኳ ሳይከፍት «ፕሮሰሰሩ ነው፣ ይቀየር» አለኝ። እኔም ሞኙ ልገዛ ገንዘብ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ይህችን ልጅ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

መጥታ ካቻቢቴዋን እንኳ ሳታወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሙቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው ወይስ ባንዴ?» እስከዚያ ቀን ማንም ይህን አልጠየቀኝም፤ እኔም ልብ ብዬው አላውቅም። አስጀመርንና አየነው። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ከ50 ወደ 97 ዘለለ።

ከዚያ የኬዙን ጎን ከፈተችና «ጋሼ፣ እስኪ ብረቱን ይንኩት። ፋኑን ብቻ ይጠንቀቁ» አለችኝ።

የኩለሩን ስስ የብረት ቅጠል ከጎን በኩል ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። ስክሪኑ ላይ 99 ይላል፣ እጄ ሥር ያለው ብረት ግን ከክፍሉ አየር ምንም አይለይም።

«ታች እየነደደ ነው፣ ላይ ግን ገና አልሰማም» አለች። ችግሩ የአየር ቢሆን ኖሮ ብረቱም አብሮ ይግል ነበር፣ ሙቀቱም በደቂቃዎች ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። ባንዴ ከዘለለና ብረቱ ከቀዘቀዘ ግን ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ አልተሻገረም ማለት ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ፋን ስጨምር የከረምኩት ላልተሻገረ ሙቀት ነበር።

አጥፍታ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላ ኩለሩን አነሳችው። የስልኳን መብራት አብርታ ፔስቱን አሳየችኝ። በአንድ ጥግ በኩል ብቻ ሳስቷል። የቀረው እኔ እንደቀባሁት ተቀምጧል፤ የጣቴ መስመር ሳይቀር ይታያል። ምንም አልተጫነውም።

ምክንያቱን ስትነግረኝ ማመን አቃተኝ። ይህ ፕሮሰሰር የሚገባበት ኤልጂኤ 1700 የሚባለው ሶኬት በ2021 ነው የወጣው። ከሱ በፊት በነበሩት በኤልጂኤ 1200ና በመሰሎቹ በኩለር ማሰሪያ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ነበር። በአዲሱ 78 ሆነ። የእኔ ማሰሪያ ቀዳዳው ረዘም ያለ ስለሆነ ተንሸራቶ ገባልኝ፤ እኔም ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ግን የተለወጠው ርቀቱ ብቻ አይደለም። አዲሱ ፕሮሰሰር ሶኬቱ ላይ ሲቀመጥ ከቀድሞዎቹ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የድሮው መቆሚያ ግን ለድሮው ቁመት የተሠራ ነው። ብሎኑ እስከ ጫፉ ይገባል፣ እጄም «ጠበቀ» ይለኛል፣ ኩለሩ ግን ፕሮሰሰሩን በወጉ ሳይጫነው ቀርቷል።

እዚህ ላይ ነው ልጅቷን ያከበርኳት። አዲስ ኩለር ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፤ እኔም ሳላቅማማ እገዛው ነበር። እሷ ግን «ኩለርዎ ምን አደረገ? ማሰሪያውን ብቻ ይቀይሩ» አለችኝና የኩለሩ አምራች ለዚህ ሶኬት ለብቻው ያወጣውን ማሰሪያ ፈልጋ አሳየችኝ። ለዚያን ቀን የወሰደችው የምርመራውን ብቻ ነው።

ማሰሪያው ሲደርስ ተመልሳ ገጠመችው። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጠርጋ አዲሱን በልኩ ቀባች። ብሎኖቹን ስታጠብቅ አንዱን እስከ መጨረሻው አልወሰደችም። ከአንዱ ትንሽ ታዞራለች፣ ወደ ትይዩው ጥግ ትሄዳለች፣ እንደገና ትመለሳለች። እኔ አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ነበር የምሄደው፤ ለካ እንደዚያ ሲሆን ኩለሩ ያዘነብላል።

በዚያው ሌላም ጥፋት አገኘችብኝ፤ የኋላውን ፋን ገልብጬ ነበር የገጠምኩት። ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ የፕሮሰሰሩ የኃይል ገደብ 4096 ዋት ተብሎ ተቀምጧል። ገደብ የለውም እንደማለት ነው። አምራቹ ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው ከፍተኛው 180 ዋት ስለሆነ ወደዚያ መለሰችው።

አሁን ሥራ ሳይኖረው 35 አካባቢ ነው። ረጅም ቪዲዮ ሳወጣ 76፣ 77 ላይ ይቆማል። ጩኸቱ ስለጠፋ መጀመሪያ ቀን የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ወቀሳም አለኝ፤ ካልጻፍኩት ዘመዷ እመስላለሁ። ሰዓት አታከብርም። ሁለቱንም ቀን አርፍዳ ነው የመጣችው፣ አንዱን ቀን እንዲያውም ሳትደውል። ከመጣች በኋላ ግን አትቸኩልም። ያየችውን ታሳያለች፣ «ይገባዎታል?» ብላ ትጠይቃለች፣ ካልገባህ ትደግምልሃለች።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ዴስክቶፕ ብቻ ነው የምትሠራው፤ ላፕቶፕ ይዛችሁ እንዳትሄዱባት።