ተራ በተራ ወይስ እንደ ሲግናሉ?

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ቪዲዮ ስከፍት ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ሰዉ ግን በዝቷል። ታዲያ የሞባይል ኔትወርክ ጣቢያው ኢንተርኔቱን ለማን ያድል?

የፎር ጂ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲውን በ180 ኪሎ ኸርዝ ቁራጭ ይከፋፍልና ማን እንደሚወስድ በየ1 ሚሊሰከንዱ ይወስናል። አንዱ መንገድ ተራ በተራ ነው፣ ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ። ቀላል ነው፣ ማንም አይዘለልም። ችግሩ፣ ገደል ሥር ሆኖ ሲግናል በቀጭኑ የሚደርሰው ሰው ተራው ሲመጣ የሚያወርደው ዳታ እዚህ ግባ አይባልም፤ ቁራጯ ባከነች ማለት ነው።

ሁለተኛው ተመጣጣኝ ድልድል ነው። እያንዳንዱ ስልክ አሁን ሊያገኝ የሚችለው ፍጥነት እስካሁን በአማካይ ላገኘው ይካፈላል፤ ውጤቱ የበለጠለት ይወስዳል። ስለዚህ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ልጅ፣ በየጥምዝምዙ ሲግናሉ ከፍ ዝቅ ሲልበት፣ ከፍ ባለባት ቅጽበት ቶሎ ይጎርሳል (ዋሻው ውስጥ ጭራሽ ከጠፋበትማ ሁለቱም አያድኑትም)። ሳይደርሰው የቆየውም አማካዩ ስለሚወርድ ተረስቶ አይቀርም።

ዳታ ለሚያወርድ ሰው እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። የድምፅ ጥሪ ግን ሌላ ነው፤ መዘግየት ስለማይችል ሰልፉን አልፎ ቅድሚያ ይሰጠዋል።