ቪቲ፦ ዕቁብ ለደረሰው ጀማሪ የሚሆን ፈንድ?

አሜሪካ ያለ ወጣት ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ ሲገባ መካሪው ይበዛል። አንዱ መሬት ይለዋል፣ ሌላው ክሪፕቶ፣ ሦስተኛው ለቡና ጠርቶ የሕይወት ኢንሹራንስ ይሸጥለታል። እዚህ የምንገመግመው ከሁሉም አሰልቺ የሆነውን ነው፦ ቪቲ በሚል ምልክት የሚታወቀውን፣ ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት የሚያስተዳድረውን የዓለም አክሲዮኖች ፈንድ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ነገር የሚበላሸው ከመገዛቱ በፊትና በሚገዛበት ሰዓት ነው።

ፈንዱ ከ2008 ጀምሮ በገበያ ላይ አለ። ውስጡ ከ9,000 በላይ ኩባንያዎች አሉ፤ በዋጋ ሲታይ ከግማሽ በላዩ የአሜሪካ ነው፣ ቀሪው ጃፓን፣ እንግሊዝ፣ ቻይና፣ ሕንድ እያለ ይቀጥላል። የትኛው ኩባንያ ያተርፋል ብሎ የሚመርጥ ሰው የለበትም፤ ሁሉንም እንደየክብደቱ ይገዛል። ለዚህም ነው ርካሽ የሆነው። ዓመታዊ ክፍያው 0.06 በመቶ ነው፤ በ30,000 ዶላር ላይ 18 ዶላር ማለት ነው። ደረሰኝ ተቆርጦ አይመጣም፣ ከፈንዱ ዋጋ በየቀኑ በጥቂቱ ይቆነጠራል። በዓመት 1 በመቶ የሚያስከፍል አማካሪ ከዚሁ ገንዘብ 300 ዶላር ይወስዳል፤ ገንዘቡ ባደገ ቁጥርም የእሱ ድርሻ አብሮ ያድጋል።

ወንድሙ ቪቲአይ 0.03 በመቶ ብቻ ያስከፍላል፣ የሚይዘው ግን የአሜሪካን ኩባንያዎች ብቻ ነው። ካለፉት አስራ ምናምን ዓመታት ውጤት ተነስቶ የሚፈርድ ሰው ቪቲአይን ይመርጣል፤ በዚያ ጊዜ አሜሪካ ቀሪውን ዓለም በሰፊው በልጣለችና። ነገር ግን በ2000 መጀመሪያ ትልልቆቹን 500 የአሜሪካ ኩባንያዎች የገዛ ሰው፣ የትርፍ ክፍፍሉ ተጨምሮለት እንኳ፣ በ2009 መጨረሻ ከገባበት በታች ነበር። ለጀማሪ ቪቲን የምናስቀድመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የዕቁብ ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንተኛ ዙር ላይ እንደደረሰ ነው። 20 አባላት በወር 1,500 እየጣሉ 30,000 ዶላር የሚወጣበት ዕቁብ እንውሰድ። በአራተኛው ዙር የደረሰው ሰው እስካሁን የጣለው 6,000 ነው፤ 24,000 ገና ይቀርበታል። እጁ ላይ ያለው በአብዛኛው ወለድ የሌለው ብድር ነው። ደመወዙ የሚቀጥሉትን 16 ወራት በእርግጠኝነት ካልሸፈነለት ይህን ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ መክተት የዋሶቹን ገንዘብ ገበያ ላይ እንደማስያዝ ነው። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ለደረሰው ግን ገንዘቡ የራሱ ቁጠባ ነውና ቀጥሎ ያለው ስሌት ለእሱ ነው።

ከ30,000ው ላይ በቅድሚያ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ይዘጋ፤ 4,000 ነው እንበል። 24 በመቶ ወለድ የሚበላ ዕዳ እያለ ፈንድ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ከዚያ የአራት ወር ወጪ፣ በወር 2,500 ለሚያወጣ ሰው 10,000፣ ጥሩ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ። በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ ቤት ለመግዛት ወይም ለሠርግ የታሰበ ገንዘብም እዚያው ይቆይ። አምስት ዓመት መታገስ የማይችል ገንዘብ ለቪቲ አይሆንም።

ዕቁቡ በጥሬ ገንዘብ ከተሰጠ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ተራ ወረቀት ነው፣ ግብርም አያስከትልም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ዛሬ 9,000፣ ነገ 9,000 እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም በራሱ የፌደራል ወንጀል ነው። አንዴ ሙሉውን ያስገቡና ይገላገሉ።

የቀረው 16,000 የት ይግባ? ሥራ ያለው ወጣት ከተራው የኢንቨስትመንት አካውንት በፊት ሮዝ አይአርኤ የሚባለውን የጡረታ አካውንት ይሙላ። እዚያ ውስጥ ያደገው ገንዘብ ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ ያለ ግብር ይወጣል፤ ያስገቡትን ዋናውን ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው ጣሪያው ለ2025 7,000፣ ለ2026 7,500 ዶላር ነው። ያለፈው ዓመት ኮታ እስከ ኤፕሪል 15 ክፍት ስለሚሆን በ2026 መጀመሪያ ወራት ገንዘብ የደረሰው ሰው ሁለቱንም ሞልቶ በአንድ ጊዜ 14,500 ማስገባት ይችላል። ሆኖም በየዓመቱ ቢያንስ ያስገባውን ያህል ሠርቶ ማግኘት አለበት፤ የዕቁብ ዕጣ የሥራ ገቢ ተብሎ አይቆጠርም። ገንዘቡን ሲያስገቡ ገጹ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሳያዩ ካለፉ ሁለቱም በአንዱ ዓመት ላይ ይጻፍና ጣሪያው ይጣሳል። ገቢያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ጣሪያው ይቀንስባቸዋል፤ ላላገባ ሰው በ2025 መቀነስ የሚጀምረው ከ150,000 ዶላር ነው።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት ግን ከዚህ በኋላ ነው። ከባንክ ወደ ቫንጋርድ የተላከው ገንዘብ ከጥቂት ቀናት በኋላ አካውንቱ ላይ ይታያል፣ ቁጥሩም ደስ ይላል፣ ሰውየው ኢንቨስት አደረግሁ ብሎ ይተኛል። አላደረገም። ገንዘቡ የተቀመጠው ሴትልመንት ፈንድ በሚባለው ማቆያ ውስጥ ነው፤ መጠነኛ ወለድ ያገኛል እንጂ አንድም አክሲዮን አልተገዛበትም። እንዲህ ሆኖ ዓመታት የከረመ የጡረታ አካውንት ብርቅ አይደለም።

ግዢው ራሱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የቪቲን ምልክት ፈልገው ግዛ የሚለውን ይነካሉ፣ ከዚያ መጠኑን በዶላር ወይም በአክሲዮን ብዛት ይሞላሉ። በዶላር ከሆነ ከ1 ዶላር ጀምሮ ይቻላል፤ ቁራሽ አክሲዮንም ይደርስዎታል። በቁጥር ከገዙ ከዚህ ዋጋ በላይ አልከፍልም የሚል ሊሚት ማስቀመጥ ይቻላል። ገበያው በኒውዮርክ ሰዓት ከጠዋቱ 9፡30 እስከ ከሰዓት በኋላ 4፡00 ክፍት ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይዝለሉ፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ያኔ ይሰፋል። ከግዢው በኋላ የትርፍ ክፍፍሉ ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ ክፍፍሉ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣል። ሰነዶችን በኢሜል መቀበልንም ይምረጡ፤ አለበለዚያ በዓመት 25 ዶላር የአካውንት ክፍያ አለ።

በአንዴ ልግዛ ወይስ በየወሩ? ቫንጋርድ በ2012 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ገበያዎች በአንዴ መግዛት በዓመት ውስጥ ከፋፍሎ ከመግዛት ከሦስቱ ሁለት ጊዜ ያህል በልጧል። ምክንያቱ ምስጢር የለውም፤ ገበያው ከሚወርድበት የሚወጣበት ጊዜ ስለሚበዛ የሚጠብቅ ገንዘብ ያመልጠዋል። ሆኖም እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ በስድስት ወር ይከፋፍሉት፤ ቀኖቹን አስቀድመው ይጻፉ። "ትንሽ ሲወርድ እገዛለሁ" ማለት ዕቅድ አይደለም።

መውረዱ ደግሞ ይመጣል። በ2020 የአሜሪካ ገበያ በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሦስተኛውን አጥቷል፤ ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። 16,000ው ስልክዎ ላይ 8,000 ሆኖ ቢያዩት ምን ያደርጋሉ? እሸጣለሁ የሚል ሰው አሁኑኑ ግማሹን ብቻ ይግዛ። ሲፒክ የሚባለው ዋስትና እስከ 500,000 ዶላር የሚሸፍነው አካውንትዎን የያዘው ድርጅት ሲወድቅ ነው፣ ገበያው ሲወድቅ አይደለም።

ጥቃቅን እንከኖችም አሉ። በተራ አካውንት ለተያዘ ቪቲ በውጭ አገር የተቆረጠው ግብር ለባለቤቱ ሲመለስ አይታይም፤ የውጭው ድርሻ ከግማሽ በታች ስለሆነ ሕጉ ለፈንዱ አይፈቅድም። ከሮዝ አይአርኤው ለሚተርፈው 1,500 ዶላር የሳንቲም ጉዳይ ነው፣ ለ200,000 ግን ቪቲአይንና የውጭውን ፈንድ ለየብቻ መያዝ ይሻላል። ተራ አካውንት ያለው ሰው ታክስ ለማስላት አይቸኩል፤ 1099 የሚባለው ወረቀት የሚደርሰው ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ነው፣ ቀድሞ ያስገባ ሰው ደግሞ ማስተካከያ ይጽፋል።

የወራሽ ስም የሚሞላበትን ገጽ ወጣቶች ሁልጊዜ ይዘሉታል። ሮዝ አይአርኤው ላይ ስም ይጻፉ፤ ተራው አካውንት ላይም ከሞት በኋላ ለማን እንደሚተላለፍ ለይተው ይሙሉ። ባዶ ከተተወ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይገባል፤ እናት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆነው የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ወረቀት ይጠብቃሉ።