ጌሾ ወይስ ቡና? ጎጃም ውስጥ ለጓሮ ችግኝ ለሚገዙ

ክረምት ሲገባ ችግኝ ጣቢያ በር ላይ የሚቆም ሰው ዓይኑ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይዋልላል፤ በጌሾና በቡና። ዘጌ ላይ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ዘጌ ግን ጣና ዳር ነው፤ ደጋ በሆነችው እንጅባራ ያለ ሰው ያንን አምኖ ቡና ቢተክል ውርጭ ይቀድመዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቦታዎ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። አረቢካ ቡና የሚመቸው ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ያለው ወይና ደጋ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ያዋጣል፤ ፍኖተ ሰላምም እንዲሁ። ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ቡናው ባይሞት እንኳ ቆዝሞ ይቀራል። ጌሾ ብርዱን ከቡና በተሻለ ይችላል፤ ደጋው ጫፍ ላይ ላሉ ምርጫው ያለቀ ይመስለኛል።

ሁለቱም በሚሆኑበት ቦታ ጥላን ይዩ። ቡና ከዋንዛ ወይም ከብርብራ ሥር ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ግቢዎ ባዶ ሜዳ ከሆነ መጀመሪያ ጥላ ዛፍ መትከል ሊኖርብዎ ነው። ጌሾ ፀሐይ ላይም ይቆማል። በበጋ ውኃ የሚሹት ግን ሁለቱም ናቸው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። የካቲትና መጋቢት ላይ የጉድጓድ ውኃ የሚጎድልብዎ ከሆነ ጥቂት ብቻ ይግዙ።

ትዕግሥት ላይ ጌሾ ያሸንፋል። በሁለተኛው ዓመት ገደማ ቀስ እያሉ ቅጠሉን መልቀም ይቻላል፤ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠብቃል። ከዚያም ቀይ ቀዩን እየመረጡ ደጋግሞ መልቀም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ለሳምንታት ማድረቅ አለ። ጌሾ ግን ተቆርጦ ይደርቃል፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሄዳል። ሲቆረጥ ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል። እናቴ ‹‹ጌሾ ያለው ቤት ለበዓል አይለምንም›› ትል ነበር፤ ለራሷ የተከለችው ግን ቡና ነው፣ አበባው ስለሚሸታት።

አሁን ወደ ግዢው። አንድ ዓመት ያማሩ የቡና ችግኞች ገዝቼ ነበር፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ቢጫ ሆነው ቀሩ። ብነቅላቸው ዋናው ሥር ገና በችግኝ ፕላስቲኩ ውስጥ ሳለ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ነበር። እኔ ቅጠል ብቻ ነበር ያየሁት። ስለዚህ አንዱን ችግኝ ከከረጢቱ አውጥተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ሻጩ ቢያኮርፍ ሌላ ጋ ይሂዱ። የቡና ችግኝ ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ሲኖረው ይበቃል። ረዥም ሆኖ ሥሩ ከፕላስቲኩ ሥር ሾልኮ የወጣ ከሆነ አርጅቷል፣ ‹‹ትልቅ ነው›› ብለው አይደሰቱበት። ጌሾም ላይ ሥሩን ማየት አይከፋም።

ለቡና ጉድጓዱ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ዝናቡ ሳይገባ ይቆፈር፤ የላዩ አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስ። በችግኞቹ መካከል ሁለት ሜትር ይተዉ። ጌሾ እንዲህ አያስጨንቅም። ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ላይ ግን ሁለቱንም አይትከሉ።

እኔ ብጠየቅ ቁራሽ ጓሮ ላለውና ዘወትር ለማይከታተል ሰው ጌሾን እመርጥለታለሁ፤ ጥላ፣ ውኃና የሚለቅም እጅ ላለው የወይና ደጋ ሰው ደግሞ ቡናን። የሚፈልጉት አጥር ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ይተዉ። ሰንሰል ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይበቃል፣ መራራ ስለሆነ ከብትም አይነካውም።