ምስጋና እና ጥቆማ፦ ለሜታዶን ክፍሏ ሲስተር

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ደግሞም በመርፌ ሄሮይን የሚወስድ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ኖሯችሁ ማንን እንደምታማክሩ ለጨነቃችሁ ጥቆማ ይሁናችሁ። የማመሰግናት ነርስ በሱስ ሕክምና ክፍል ጠዋት ጠዋት ሜታዶን፣ ማለትም በሄሮይን ምትክ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ የምትሰጥ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ እንደ ታካሚዎቿ "ሲስተር" ልበላት።

ታናሽ ወንድሜ ለዓመታት ሲወጋ ኖሯል። ቤተሰቡ የሚያውቀው መላ አንድ ብቻ ነበር፤ ማገገሚያ አስገብቶ ማጽዳት። ይገባል፣ ሐራራውን (ሄሮይኑ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም) እየተንቀጠቀጠ ያሳልፋል፣ ፊቱ ጠርቶ ወፈር ብሎ ይወጣል፣ እኛም ደስ ይለናል። ከዚያ ያገረሽበታል። ያስገባንበት ተቋም ሲያሰናብተው የሰጠው የምስክር ወረቀት ነበር። የሚቀጥል መድኃኒት የለም፣ ደውሎ እንዴት ነህ የሚለው ሰውም የለም።

ሐራራው ራሱ በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ያልፋል። ይህን ያስረዳችን ሲስተር ናት። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ድብርቱና ፍላጎቱ ለወራት ይቆያሉ፤ ሰውነት ግን በዚሁ መሀል የለመደውን መጠን መቻል ያቆማል። ሰውየው አንድ ቀን ሲሸነፍ የድሮውን ያህል ይወጋል፣ ያ መጠን ደግሞ አሁን ትንፋሽ የሚያቆም ሆኗል። ከማገገሚያና ከእስር ቤት የወጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱት በዚህ ነው። እኛ "ተገላገልን" ብለን እፎይ የምንልበት ሳምንት ከሁሉም ይልቅ የሚያሰጋው ነበር፤ እሷ እስክትነግረን ድረስ አንድም ሰው አላስጠነቀቀንም።

ሜታዶን ሲባል እናቴ ፊቷ ተለወጠ። "ከአንዱ አውጥታችሁ ሌላው ውስጥ ልትከቱት ነው?" አለቻት። ሲስተር እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እግዜር ይወቅ፣ ግን አልሰለቻትም። "እናቴ፣ ሄሮይን በጥቂት ሰዓት ያልቅና ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቀጣዩን ሲፈልግ ይውላል። ይሄኛው በአፍ ተውጦ ከቀን በላይ ይሠራል። ልኩ ሲስተካከል አያሰክርም፣ ሐራራውንም ይይዛል። ልጅዎ ጠዋት ይወስድና ሥራው ይሄዳል" አለቻት። እናቴ ያን ቀን አላመነችም። ያመነችው ልጇ ማታ ማታ ቤት መግባት ሲጀምር ነው።

ነገሩ ደግሞ የትናንት ሙከራ አይደለም። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች ሜታዶን ለሄሮይን ሱስ የሚሰጠውን ጥቅም ኒው ዮርክ ላይ አሳይተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊን የሚባለውን ሌላ ምትክ መድኃኒት ለዚሁ ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የብዙ አገር ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል፤ ሜታዶን እየወሰዱ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካቋረጡት 1,000 ግን 36 ያህሉ ይሞታሉ። ቤተሰብ "መቼ ነው የሚያቆምልን?" እያለ ከመነዝነዙ በፊት ይህን ቁጥር ቢያየው ጥሩ ነው።

ሲስተርን ከሌላው የምለይበት ነገር ግን የልኩ ጉዳይ ነው። ሜታዶን ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ሲጀመር በ20 ወይም በ30 ሚሊግራም ነው፤ ቶሎ ከፍ ከተደረገ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራሳቸው ሊገድሉ ይችላሉ። ቀስ እያለ ሲጨመር ብዙ ሰው የሚረጋው ከ60 እስከ 120 ባለው ነው። ወንድሜ መጠኑ ገና ዝቅ ያለ በነበረበት ጊዜ በጎን መውጋቱን አልተወም ነበር፣ የሽንት ምርመራውም አጋለጠው። ሊባረር ነው ብለን ተሳቀቅን። እሷ የጠየቀችው ግን "ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀሰቅስህ?" የሚል ነበር። መልሱን ይዛ ሐኪሙ ጋ ገባች፣ መጠኑ ተስተካከለ፣ መርፌው እየራቀ ሄደ። ታካሚን የበሽታው ምልክት ታየብህ ብሎ ማባረር እሷ ጋ የለም። አንድ ጠዋት ከቀረ ቀትር ሳይሞላ ስልኩ ይጮሃል፤ ይህ የሥራ ዝርዝሯ ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ቡፕረኖርፊንም አለ፤ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ነው። አንጎል ውስጥ የሄሮይንን ወንበር ቀድሞ ይዞ አልነሳም እንዳለ ሰው ስለሆነ ላዩ ላይ ሄሮይን ቢወሰድ እምብዛም አይሰማም። አወሳሰዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሐራራው በደንብ ሳይጀምር ከተወሰደ ሐራራውን በአንዴ ይቀሰቅሰዋል። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ዓይነትም ወጥቷል፤ በየቀኑ መመላለስ ለማይችል ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ናልትሬክሶን የሚባለውን፣ የሄሮይንን ሥራ የሚዘጋውን መድኃኒት ለመጀመር ቢያንስ ሳምንት ከሁሉም ነጻ መሆን ስለሚያስፈልግ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይሰናከላል። የቤታችሁ ሰው የሚወጋው ኮኬይን ወይም ሜታምፌታሚን ከሆነ ደግሞ እንደ ሜታዶን ያለ ምትክ አትጠብቁ፤ በዚያ በኩል በተሻለ የሚሠራው የምክር ሕክምናና ምርመራው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት መስጠት ነው።

መድኃኒቱ በር ይከፍታል፣ ኑሮው ካልተቀየረ ግን ሰውየው ተመልሶ ይወጣል። ቬትናም ውስጥ ሄሮይን የለመዱ የአሜሪካ ወታደሮችን ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ስትከታተል፣ አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ የያዛቸው ከ20 አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ፣ ጓደኛው፣ ሻጩ ሁሉም ኋላ ቀርቷል። ወንድሜ ግን ሰፈሩ ያው ነው፣ ሻጩም ያው ነው። ሲስተር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልክ ቁጥሩን እንዲቀይር፣ ሥራ እንዳይረፍድበት ደግሞ ከሰልፉ ቀድሞ እንዲወስድ አደረገች። የጉበት ቫይረሱን (ሄፓታይተስ ሲ) ያስመረመረችው እሷ ናት፤ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ክኒን ተወስዶ ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚድንበት በሽታ ነው፣ የሚወጋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ገና ላላቆሙት ንጹሕ መርፌ የሚሰጠውም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። በፊት ይህን ሳይ ያናድደኝ ነበር። አሁን የማየው መርፌ ሊወስድ የመጣው ሰው በዚያው ሲስተርን ሲያናግራት ነው።

ነውር የሌለበት ቦታ ነው አልልም። ሰልፉ ያታክታል፣ መስኮቷ ጠባብ ናት፣ የሚነገረው ሁሉ ለኋለኛው ይሰማል። ሜታዶኑም ሆድ ያደርቃል፣ ያልባል፤ መጠኑ ከፍ ሲል የልብ ምርመራ ይጠይቃል።

መቼ ያቆማል ለምትሉ፦ ከእሷ የሰማሁት መልስ "እሱ ሲፈልግ፣ በወራት፣ ጠብታ በጠብታ" ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 581 የሄሮይን ሱሰኞችን ለ33 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ፤ በመጨረሻው 284ቱ ሞተው ተገኙ። ከአምስት ዓመት በላይ ሳይወስዱ የቆዩት ግን የመመለስ ዕድላቸው በእጅጉ ቀንሷል። ስለዚህ ሩጫው ከመድኃኒቱ ለመውጣት ሳይሆን ከመርፌው ርቆ ለመቆየት ነው።

ሕክምና ስታፈላልጉ ጠይቁ፦ መጠኑን የሚወስነው ማን ነው? አንድ ቀን ቢሳሳት ታባርሩታላችሁ? ቢቀር ትደውላላችሁ? ናሎክሶን ትሰጡናላችሁ? "እዚህ ሕግ አለ" ብቻ ከመለሱላችሁ ሌላ ፈልጉ። ናሎክሶን በሄሮይን የቆመ ትንፋሽን የሚመልስ መድኃኒት ነው፤ በአፍንጫ የሚረጨውን ማንም ሰው ይችለዋል። ሥራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሰውየው ቢነቃም አምቡላንስ መጥራት አይቀርም።

የሲስተርን ክፍል የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ። ሲስተር፣ ይህን ካየሽው እናቴ እጅ ነስታለች። የሰጠሽን ናሎክሶን ሳይከፈት ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ ሰኞ ወንድሜ ሲመጣ በሌላ ቀይሪልን።