የስደተኞቹ የሥዕል መጽሐፍ፦ ሥዕሉ ግሩም፣ ጥራዙ ደካማ

ይህችን ስለ ስደተኞች የምትተርክ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ከፒያሳ በ280 ብር ገዛኋት። የአምስት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ስደተኛ ማለት ሌባ ነው?» ብላኝ ስለነበር ነው (የት እንደሰማችው አልጠየቅኋትም፤ ሰፈሬን አውቀዋለሁ)።

ሥዕሎቹ ግሩም ናቸው፤ በተለይ ልጁ ዶሮውን በነጠላ ጠቅልሎ የሚሄድበት ገጽ። «ዶሮዋም ስደተኛ ናት?» አለችኝ። ስቄ መልስ አጣሁ። ጽሑፉ ግን ለትንሽ ልጅ ይከብዳል፤ ትቼው በሥዕሉ ብቻ ተረኩላት። ድንኳኑ ያለበት ገጽ ጋ ስንደርስ፣ ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ ላይ ኤርትራውያን እንዳሉ፣ በመተማ በኩልም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ እንደገቡ ነገርኋት። «ልጆቹ ኳስ አላቸው?» ብላ ሦስት ቀን ነዘነዘችኝ።

ጥራዙ በሳምንቱ ተገነጠለ። የዶሮዋን ገጽ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።