እንጨትም ብረትም ይቆርጣል የተባለው መጋዝ፦ ዘጠኝ ወር ከሰጋቱራው ጋር

የመጋዙ ጣጣ ያለው ጥርሱ ላይ ሳይሆን ከኋላው ባለችው ቀዳዳ ላይ ነው። ከላይኛው የዲስክ መከለያ ጀርባ ሰጋቱራውን ወደ ከረጢቱ የምታስተላልፍ ጠባብ የፕላስቲክ ጉሮሮ አለች። የባህር ዛፍ ሞራሌ ሲቆረጥ ሰጋቱራው እዚያ መታጠፊያ ላይ ይጠቀጠቃል። ቀጥሎ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) ከተቆረጠ ትኩስ የብረት ፍቅፋቂ በዚያችው ጉሮሮ ያልፋል። የቀረውን ከሰል ያቀጣጠለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ የሚሽከረከረው ዲስክ ራሱ ነው።

ማሽኑ ምን እንደሆነ ልናገርና ወደዚያው ልመለስ። ክንዱ ወደ ታች እየተሳበ የሚቆርጥ፣ ጠረጴዛው እስከ 45 ዲግሪ የሚዞር ማይተር ነው። ዲስኩ 255 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ 28፣ የጥርሶቹ ጫፍ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቅይጥ)፤ ሞተሩ 2000 ዋት፣ በደቂቃ 2500 ዙር። ደሴ ላይ ዘጠኝ ወር የበር ክፈፍ፣ የጣሪያ እንጨት፣ የአልጋ እግርና የመስኮት ቱቦላሬ ቆርጧል። ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ 45ቱም 45 ነው። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም።

ሻጩ ግን ምን ነበር የሚለው? «አብሽር፣ ዲስክ ሳትቀይር ሁለቱንም ትቆርጣለህ!» ወንድሜ፣ ዲስክ መቀየር መቼ ቸገረን? አንድ ቁልፍና አምስት ደቂቃ ነው። ጊዜ የሚበላው ጽዳቱ ነው፤ ስለ ጽዳቱ ደግሞ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። መመሪያው ላይ «ብረት ከመቆረጡ በፊት ከረጢቱ ይውለቅ» የሚል ተጽፏል። በደቃቁ፣ ያውም ከኋላ ገጽ።

ሻጩ «ፍንጣሪ የለውም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። እየተበላ የሚያልቀው የካትኦፍ ዲስክ ብረቱን ፈጭቶ ያቃጥለዋል፤ ለዚያ ነው እንደ ርችት የሚረጨው። የካርባይድ ጥርስ እንደ መላጊያ እየላገ ስለሚሄድ ብልጭታው ትንሽ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍም ወዲያው በእጅ ሊነካ ይችላል። ሙቀቱ ታዲያ የት ሄደ? ፍቅፋቂው ይዞት ሄደ። ቀለሙን ማየት ይበቃል፦ ሰማያዊ የሆነ ፍቅፋቂ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ደረቅ ሰጋቱራ ላይ፣ ከሁሉ በላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ብናኝ ላይ ሲያርፍ ነበልባል አያወጣም። ውስጥ ውስጡን ይጤሳል። አየር ሲያገኝ፣ ምናልባት ሱቁ ተዘግቶ ሰው ከሄደ በኋላ፣ ያኔ ይነሳል። እንጨትና ብየዳ በአንድ ቆርቆሮ ቤት በሚሠራበት ወርክሾፕ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከእንጨት ወደ ብረት ሲታለፍ አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ከረጢቱ ይወልቅና ከቤት ውጭ ይራገፋል፤ ብረት ተቆርጦ እስኪያልቅ አይመለስም። የታችኛው መከለያ በእጅ ተይዞ ይከፈትና ጉሮሮዋ በቀጭን ብሩሽ ትጠረጋለች። ኮምፕሬሰር ካለ ንፋሱ ከከረጢቱ በኩል ወደ ዲስኩ ይነፋል፤ በተቃራኒው ከተነፋ ሰጋቱራው መታጠፊያው ላይ ይብስ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጠረጴዛው መሐል፣ ዲስኩ የሚገባበት ስንጥቅ ሥር ያለው ጎድጓዳ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይኼን ነው፤ ሁለት እፍኝ ሰጋቱራ ተደብቆበት ይገኛል። መጨረሻ ላይ ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ይጠረግና ከጀርባ የቆርቆሮ ባልዲ ይቀመጣል። ሳይቻኮሉ ሲሠሩት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተልም መገልበጥ አለበት። ብዙዎች ጠዋት እንጨቱን ጨርሰው ማታ ብረቱን ይቆርጡና ቆልፈው ይሄዳሉ። በጣም መጥፎው ቅደም ተከተል ይኼ ነው። ማሽኑ ማታ ይጸዳ፤ ብረቱ ጠዋት ይቆረጥ፤ እንጨቱ ከሰዓት ይቀጥል። የሚጤስ ነገር ካለ ሰው እያለ ይጤሳል። የግድ ማታ ብረት ከተቆረጠ ደግሞ ከመጨረሻው ቁርጥ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰው ይቆይ።

ከብረት ወደ እንጨት ሲመለሱስ? እሳቱ ቀርቶ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ የቀረ ፍቅፋቂ ጣውላው ሥር ገብቶ ይጭረዋል፣ ይሰካበታል። ባህር ዛፍ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ብረትና ታኒን እርጥበት ካገኙ እንደ ቀለም ይጠቁራሉ። የክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እርጥበት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ማታ ንጹሕ የነበረ የበር ክፈፍ ጠዋት ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ጠልቆ ካልገባ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ከታየ ግን አለቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ማሽከርከር፤ ፌስታሉ ሲገለበጥ ፍቅፋቂው አብሮ ይወድቃል። ፍቅፋቂው ሳይበርድ ከሆነ ፌስታሉ ይቀልጣል።

ፍጥነቱ ላይ ሻጩን አልከሰውም። 255 ሚሊ ሜትር ዲስክ በ2500 ዙር ሲዞር ጥርሱ በሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለብረት ብቻ የተሠሩት 355 ሚሊ ሜትር ባለ ካርባይድ ማሽኖች በ1300 እና በ1500 ዙር መካከል ነው የሚዞሩት፤ ይህም ከ24 እስከ 28 ሜትር መሆኑ ነው። የእንጨት ማይተር በ5000 ዙር 67 ሜትር ይደርሳል። የኛው ለብረት ትንሽ ፈጠነ፣ ለእንጨት ደግሞ በግማሽ ዘገየ። እንጨቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ይቦጫጨራል፤ ለኮምፔንሳቶና ለኤምዲኤፍ ባለ 60 ጥርስ የእንጨት ዲስክ ይግዙ፤ መሐል ቀዳዳው 25.4 ይሁን 30 ሚሊ ሜትር ለክተው። ይህን ሰምቶ የእንጨት ማይተር ላይ የብረት ዲስክ የሚያስር ሰው አይጠፋም። አይደረግም። በዚያ ፍጥነት ጥርሱ ይቃጠላል፤ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው የዙር ገደብ ካለፈ ደግሞ የካርባይድ ጥርስ ተነቅሎ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። ፍሌክስ (በእጅ የሚያዘው መቁረጫ) ላይ የእንጨት ጥርስ ዲስክ የሚያስሩትንማ ምን እላለሁ።

ስስ ቱቦላሬ፣ 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ጥርስ ይነቅላል፤ በ28 ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ወደ 29 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ሞርሳው (ብረቱን የሚይዘው ማሰሪያ) ጠብቆ ይታሰር፣ ዲስኩ ሙሉ ዙሩን ይያዝ፣ ክንዱ እስኪነክስ ቀስ ተብሎ ይውረድ። አንግል ብረት ሁለቱ ጠርዞች ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይታሰራል። ፌሮና ስቴይንለስ በዚህ ዲስክ አይሞከርም።

መብራቱ ወደ 190 ቮልት ሲወርድ ጉልበቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ያኔ መጫን ጥርስን መስበር ነው። 30 ሜትር የሆነ ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ብቻውን ወደ 13 ቮልት ይበላል፤ ባለ 2.5ቱ ወደ 4። የደሴ አየር ስስ ስለሆነ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ከባሕር ጠለል ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል፤ ብርዱ ግን ይክሳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚሠራበት ሰው አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ እዚያም በየመሐሉ ማሳረፍ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ለምን አልሸጥኩትም? ኮንክሪት በሚሞላበት አሮጌ የፎርም ጣውላ ምክንያት። ሚስማር ያለበትን ጣውላ ሳይፈራ ያልፈዋል፤ የእንጨት ዲስክ ቢሆን በሁለተኛው ሚስማር ያልቅለታል። የኮንክሪት ሚስማር ብቻ ይለይ፣ እሱ ጠንካራ ነው። የደረቀ ሲሚንቶም አስቀድሞ ይፋቅ፤ ካርባይድን ከብረት ይልቅ የሚያደነዝዘው እሱ ነው።

ገዝቼ ተጸጸትኩ አልልም። ሻጩ ዳግም «አብሽር» ካለኝ ግን ጉሮሮዋን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ነው የማስቀምጥለት። ከረጢቷ አሁን የሚስማር መያዣ ሆናለች።