ለልጆቻችሁ አስጠኚ የምትፈልጉ ይህን አንብቡልኝ

ሰላም የአራት ኪሎና የቀበና ወላጆች። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬ ግን ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። አካባቢ ሳይንስ ላይ ካርታ ሲመጣ ሆዱን ያመዋል። እውነቴን ነው፣ ፈተና ባለ ቀን ቁርስ አይቀምስም ነበር።

መጀመሪያ አንድ አስጠኚ ቀጠርን። ልጁን "ወንዞቹን ሸምድድ" ይልና እሱ ስልኩን ይነካካል። ተውነው። ቀጥሎ ቲቶሪያል አስገባሁት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ምናምን ልጅ። ልጄ የተሰበረው እዚያ ነው። "አባይ ወደየት ይፈሳል?" ሲባል "ወደ ደቡብ" አለ። አስተማሪው ክፍሉን በሙሉ አሳቀበት። ማታ ላይ "እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?" አለኝ። ገንዘቤን የከፈልኩት ለዚህ ነበር? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጋሼን በጎረቤት ጥቆማ አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ልጄ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እሳቸውም ያንኑ የአባይ ጥያቄ አነሱ። ክው አልኩ። ልጄ በቀስታ "ወደ ደቡብ" አለ።

ጋሼ አልሳቁም። "ለምን እንደዚያ አሰብክ የኔ ልጅ?" አሉት። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

"ካርታው ላይ ደቡብ ታች ነው። ውሃ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚወርደው" አላቸው።

ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። "አስበህ የመለስክ ልጅ ነህ። ግማሹን ደግሞ አግኝተኸዋል" አሉት። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ለድፎ ካቦካሁት ሊጥ ትንሽ ለመኑኝ። ትሪ ላይ አገር ሠሩለት። ጣናን ከፍ፣ ካርቱምን ዝቅ አደረጉ። ጣና ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ካርቱም 400 እንኳ አይሞላም። ልጄ በማንኪያ ውሃ አፈሰሰና ወደ ሰሜን ሲሄድ በዓይኑ አየ። ለካ አባይ ከጣና ሲወጣ መጀመሪያ የሚያመራው እውነትም ወደ ደቡብ ነው! ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ነው ወደ ሱዳን የሚታጠፈው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢቸና ነው የተወለዱት። ልጄ ማታ "አያቴ መቀነቱ ውስጥ ነዋ የተወለዱት!" እያለ ሲቦርቅ አመሸ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀበና ድልድይ ላይ ወሰዱት። "ይህ ውሃ የት ይደርሳል?" ከእንጦጦ ወርዶ አቃቂ ይገባል፣ ከአዋሽ ጋር አፋር ይዘልቃል፣ ባህር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከእንጦጦ ጀርባ የዘነበው ግን ወደ አባይ ነው የሚሄደው። ያን ድልድይ ዕድሜዬን ሙሉ ስሻገረው ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስም ያስተምሩታል፤ እሱን አልተከታተልኩም። የማውቀው ልጄ የፈተና ቀን ቁርሱን ጥርግ አድርጎ መብላቱን ነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁ ካርታ ከፈራ እሳቸውን ሞክሯቸው። ደግሜ እላለሁ፣ ሞክሯቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ልጆች የሚጨምሩበት ቦታ አላቸው። ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ።